ዕፅዋት እርስ በርሳቸው በመርዝ ስለ መጐዳዳታቸው

አንድ ባላገር ባሕር ዛፍ ከተተከለበት ድንበር አጠገብ ጤፍ ዘርቶ አዝመራው ገርጥቶና ቀጭጮ ባገኘው ጊዜ ጎረቤቱን ወደ ሽማግሎች ይከሳል። አንዱ፤ ዛፉ ውሃውን ጠጣብኝ ይላል። ሌላው ጥላውን ይወቅሳል። ሦስተኛውም፤ ቅጠሉ መሬቱን መረዘው ይላል። ሦስቱም ነገር እውነት አለበትና፤ ፍርድ የሚሰጥ ሰው የትኛው እንደሚበረታ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።

ዕፅ እንደ እንስሳ ከባላጋራው ሊሸሽ አይችልም። ስለዚህ በሥሩ፤ በቅጠሉና በቅርፊቱ ልዩ ልዩ ቅመም ያዘጋጃል። ይህም ቅመም በዝናብ እየታጠበ፤ ወይም ከረገፈው ቅጠል ጋራ እየበሰበሰ፤ ወይም ከሥሩ እየመነጨ ወደ አፈር ይገባል። ከዚያም የሌላውን ዘር እንዳይበቅል ይከለክላል፤ የበቀለውንም ሥር ያሳጥራል። ሃንስ ሞሊሽ የተባለ የኦስትርያ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. ይህን ነገር «አሌሎፓቲ» ብሎ ሰየመው። ስሙ «እርስ በርስ» እና «መከራ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ነገሩ ግን ከስሙ ይልቅ የቈየ ነው፤ የሮማው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የዋልነት ዛፍ ጥላ ለሌላው ተክል ክፉ መሆኑን ጽፏልና።

ለእኛ አገር ግን ከዋልነት ይልቅ ማሽላ ይቀርባል። የማሽላ ሥር ሶርጎሊዮን የሚባል ቅባት መሰል ነገር ያመነጫል፤ ይህም ብዙ አረም ያዳክማል። ዳሩ ግን ይኸው ሥር ፎስፎረስ ባነሰው መሬት ሲራብ የሚረዱትን የአፈር ሻጋታዎች ለመጥራት ሌላ ቅመም ይለቃል፤ ጥሪውንም አቀንጭራ ይሰማል። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቈይ ይችላል። ጥሪው ሲደርሰው ነቅቶ በማሽላው ሥር ላይ ይጣበቃል፤ ምግቡንም ይመጠምጣል። ማሽላ አረምን የሚያባርርበት ሥሩ ወንበዴውንም የሚጋብዝ መሆኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በኢትዮጵያ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማውጣታቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል፤ ከነዚህም ዘሮች ያ ጥሪ እጅግ ያነሰባቸው ይገኛሉ። በኬንያ ደግሞ በቪክቶርያ ሐይቅ ዳር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በበቆሎ መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የከብት መኖ ዘሩ። የዴስሞዲየም ሥር አቀንጭራውን በአንዱ ቅመም ይቀሰቅሰዋል፤ በሌላው ደግሞ ሥሩ እንዳያድግ ያግደዋል፤ እርሱም የሚጠጋበት አጥቶ ይሞታል።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ እንመለስ። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋራ ሊፈትነው ይችላል። ሁለት እፍኝ ቅጠል ወቅጦ አንድ ቀንና ሌሊት በውሃ ይዘፍዝፍና ያጥልል። በሦስት ሳሕን ላይ ጨርቅ ዘርግቶ በየሳሕኑ ኀምሳ የጤፍ ቅንጣት ይበትን። አንዱን በንጹሕ ውሃ፤ ሁለተኛውን በቅጠሉ ውሃ፤ ሦስተኛውን ዐሥር እጅ ውሃ በተጨመረበት የቅጠል ውሃ ያርጥብ። እስከ ሰባት ቀን ድረስ የበቀለውን ይቍጠር፤ ሥሩንም ይለካ። ሦስተኛውን ሳሕን መተው አይገባም፤ በሳሕን ውስጥ ያለው ጭማቂ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ በእርሻው ላይ እንደዚያ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነውና። ሁለተኛው ሳሕን ብቻ ቢታይ ዛፉ ያለ አግባብ ይፈረድበታል።

በእርሻው ላይ ግን፤ ይልቁንም ዝናብ ባነሰበት አገር፤ ብዙ ጊዜ የሚበረታው የውሃ ሽሚያ ነው። ስለዚህ ሽማግሎች ከመፍረዳቸው በፊት በድንበሩ ላይ ከወገብ የሚደርስ ቦይ ቢያስቈፍሩና የዛፉን ሥር ቢያስቈርጡ፤ በሌላውም ወገን ቦይ ሳይኖር የረገፈውን ቅጠል ብቻ ቢያስጠርጉ መልካም ነው። በመጪው ክረምት በቦዩ በኩል ያለው አዝመራ ካገገመ ጥፋቱ የሥሩ ነው፤ በተጠረገው በኩል ያለው ካገገመ ቅጠሉ ይጠረጠራል። ሁለቱም እንደ ቀድሞው ከቀሩ ጥላውን ይመልከቱ።