ቆሞ ለሚቀዝፍ ሰው ስንት ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል?

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ብቻ ስለምናውቀው ስፖርት ነው፤ ሰርፍ ቦርድ ላይ ቆሞ እየቀዘፉ ማዕበል ስለ መጋለብ። «ባሕር በሌለው አገር ይሄ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የሚያጠነጥነው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ቁጥር ደግሞ እኛ ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ሰዎች በየቀኑ የምንጽፈው ነው።

የስፖርቱ አገር ሃዋይ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የዋይኪኪ ሰርፍ አስተማሪዎች ቦርድ ላይ ቆመው በታንኳ መቅዘፊያ እየቀዘፉ ቱሪስቶችን ፎቶ ያነሱ ነበር። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ እነ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ ሲይዙት ዓለም አወቀው። በኋላ ደግሞ ፎይል መጣ። ፎይል ማለት ከቦርዱ ሥር በምሰሶ ላይ የሚታሰር ክንፍ ነው። ፍጥነት ሲገኝ ክንፉ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቦርዱን ሽቅብ ያነሳዋል፤ የአውሮፕላን ክንፍ በአየር ውስጥ እንደሚሠራው ማለት ነው።

ለመሆኑ የመቅዘፊያው ርዝመት እንዴት ይመረጣል? ልኬቱ ከእጀታው አናት እስከ ጠፍጣፋው ጫፍ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ሕግ ቀላል ነበር፦ በቁመትህ ላይ ለማዕበል 15፣ ለሁለገብ ቀዘፋ 20፣ ለውድድር 25 ሴንቲ ሜትር ጨምር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በዚህ ሕግ 185፣ 190 ወይም 195 ይይዛል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ቀዛፊው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወደ ፊት ርቆ ይስባል። ማዕበል ላይ ግን ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል፣ መቅዘፊያውን ቶሎ ቶሎ ከቀኝ ወደ ግራ ያዛውራል። ሰውነቱ ዝቅ ሲል ረጅሙ መቅዘፊያ ይበዛበታል። ለዚህም ነው ዛሬ ብዙ የማዕበል ጋላቢዎች 15ቱን ቀንሰው ከ5 እስከ 10 ብቻ የሚጨምሩት፤ ከነአካቴው በቁመታቸው ልክ የሚይዙም አሉ።

ቁጥሩ ሲሳሳት የሚከፍለው አካል ነው። መቅዘፊያው ከረዘመ የላይኛው እጅ በእያንዳንዱ ቀዘፋ ከትከሻ በላይ ይወጣል፤ ይህ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ትከሻን ይጎዳል። ካጠረ ደግሞ ወገብ ይጎብጣል።

ፎይል ላይ ነገሩ ትንሽ ይጠማዘዛል። ቦርዱ ከውኃው ከፍ ስለሚል ረጅም መቅዘፊያ የሚያስፈልግ ይመስላል። ሆኖም አንዴ ከተነሱ በኋላ የሚሸከመው ክንፉ ነው፤ መቅዘፊያው ዋና ሥራውን የሚሠራው ከመነሳቱ በፊት፣ ቦርዱ ገና ውኃ ላይ ሳለ ነው። ያኔ የሚፈለገው አጭርና ፈጣን ቀዘፋ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች አጠር ያለ ይመርጣሉ። ይሁንና ከልክ በላይ ካጠረ ቀዛፊው ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ክብደቱ ፊተኛው እግር ላይ ያርፋል፣ የቦርዱም አፍንጫ አልነሳም ይላል። በዚያ ላይ የፎይል ቦርድ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፤ ወፍራም ቦርድ ላይ የቆመ ሰው ከውኃው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል ይህም ይታሰባል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ርዝመቱ የሚስተካከል መቅዘፊያ ተውሶ ወይም ተከራይቶ፣ በራስ ቦርድና በሚቀዘፍበት ውኃ ላይ ለተወሰኑ ቀናት መሞከር። የሚስማማው ልክ ከታወቀ በኋላ ነው ቋሚውን መቁረጥ። የሚቆረጠውም ዘንጉ በእጀታው በኩል ነው፤ እሱም በጥቂት በጥቂቱ። የተቆረጠ አይቀጠልም። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ ይባል የለ!

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ወደኛ የሚመጣው። «ቁመትህ ላይ 15 ጨምር» የሚለው ውሸት አይደለም። ግን «ለምን ዓይነት ቀዘፋ?» የሚለው ተቆርጦ ሲቀር፣ እውነተኛው ቁጥር ሰው ይጎዳል። የመድኃኒት መጠን፣ የማዳበሪያ ልክ፣ የዋጋ ጭማሪ ስንዘግብም እንዲሁ ነው። ቁጥር ሲሰጠን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ለማን ነው? ለምን ሥራ ነው? ከየት እስከ የት ተለክቶ ነው? መልሱ ካልተገኘ ቁጥሩ ገና ለገጻችን አልደረሰም።