ቁርጥማቱን የሚያውቀው ካሜራውን ይያዝ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ በቺኩንጉንያ ስትመታ፣ በበሽታው ተጠርጥረው የተመዘገቡት ሕሙማን ከ40 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። ቫይረሱ እምብዛም አይገድልም፤ ትኩሳቱም በሳምንት ገደማ ይለቃል። ቁርጥማቱ ግን ብዙ ሰው ላይ አብሮ አይለቅም። በእጅ አንጓ፣ በጣቶች፣ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ለወራት፣ አንዳንዱ ላይም ለዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ከነዋሪዎቿ ከሲሶው በላይ በተያዙባት በሬዩኒዮን ደሴት የተደረጉ የረጅም ጊዜ ክትትሎች ይህንን በግልጽ አሳይተዋል። ወረርሽኝ የሚቆጠረው ግን በአዲስ ታማሚ ነው፤ አዲስ ታማሚ ሲጠፋ መዝገቡ ይዘጋል፣ ሕመሙ የቀረበት ሰውም ከቁጥሩ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ የቀረውን ሕመም ለማጥናት የሚነሳ ተመራማሪ፣ መጠይቁን ከማርቀቁ በፊት ካሜራውን ለታማሚዎቹ ይስጥ እላለሁ። የእጅ ስልክም ይበቃል።

ምክንያቴ ከሕመሙ ጠባይ ይነሳል። ከሦስት ወር በላይ የዘለቀን ሕመም ደም ተመርምሮ ወይም ራጅ ተነስቶ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ትርጓሜውን ሲያሻሽል፣ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባና በአፍ መናገርም ሕመም ከሚገለጽባቸው ብዙ መንገዶች አንዱ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። እኛ ዘንድ የተለመደው ግን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ማስጠራት ነው። «ሰባት» ያለች ሴት ጠዋት ጣቶቿ እስኪፍታቱ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቅ፣ ጀሪካኑን በየትኛው እጇ እንደምታነሳ፣ ለሶላት ወይም ለስግደት ስትንበረከክ ምን እንደምትይዝ ቁጥሩ አይናገርላትም። ይህን የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይናገራል። የውሃውን በርሜል እንውሰድ። በድሬዳዋ ውሃ ስለሚቆራረጥ በየቤቱ ይጠራቀማል፤ ቺኩንጉንያንና ደንጌን የምታስተላልፈው ትንኝም የምትራባው በዚህ ውሃ ውስጥ ነው። የጤና ምክሩ በርሜሉን በየሳምንቱ ደፍቶ መፈግፈግ ነው። አንጓው ያበጠ ሰው ይህን እንዴት ያደርጋል? ምክሩን ያልተገበረው በግዴለሽነት ነው ወይስ እጁ እምቢ ብሎት? ጤነኛ ሰው ቢሮ ተቀምጦ ባዘጋጀው መጠይቅ ውስጥ ይህ ጥያቄ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መንገዱ የተሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ፎጎ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች ደሴት ሲሄድ፣ መንግሥት ነዋሪዎቹን አንስቶ ሌላ ቦታ ሊያሰፍር ያስብ ነበር። ዳይሬክተሩ ኮሊን ሎው የቀረጸውን መጀመሪያ ያሳየው ለተቀረጹት ሰዎች ነው፤ ይቆረጥልን ያሉትን የማስቆረጥ መብት ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ፊልሞቹ በየመንደሩ ታዩ፣ ባለሥልጣናትም ዘንድ ደረሱ። ደሴተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው እዚያው ቀሩ። በእኛ አገር የተቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተባለ ዘጋቢ ፊልም የፊስቱላ ታካሚዎችን ስቃይ ለዓለም አሳይቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፤ ምን እንደሚቀረጽ የሚወስነውም ታማሚው ይሁን። «የእኛ ታማሚ ለዚህ አልደረሰም» የሚል ካለ ወደ ሶዶ ወረዳ ይመልከት። እዚያ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ከተመራማሪዎችና ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው አገልግሎቱ ስለሚሻሻልበት መንገድ መክረዋል።

ጠንካራው ተቃውሞ ከስታቲስቲክስ ወገን የሚመጣው ነው፦ ካሜራ የሚይዘው ደፋሩና ተናጋሪው ነው፣ የሚቀረጸውም የባሰበት ቀን ነው፣ ስለዚህ ውጤቱ የተዛባ ይሆናል። እውነት ነው። ከአሥራ አምስት ሰው ቪዲዮ ተነስቶ «በድሬዳዋ ይህን ያህል ሰው ቁርጥማት አለበት» ማለት አይቻልም፤ ለዚያ በዕጣ የተመረጡ ቤቶችና ጥሩ ቆጠራ ያስፈልጋሉ። የቪዲዮው ሥራ ከቆጠራው በፊት ነው፤ ምን ብለን እንደምንጠይቅ ያሳየናል። የተሳሳተ ጥያቄ ለሺህ ሰው ቢቀርብ ስሕተቱ ይበዛ እንደሆነ እንጂ አይታረምም። ከተማዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ የምትናገር መሆኗም ክርክሬን ያጠናክርልኛል፤ በአንድ ቋንቋ ታስቦ ወደ ሌላው ከተተረጎመ መጠይቅ ይልቅ፣ ሰው በራሱ አፍና በራሱ እጅ ያሳየው የበለጠ ይታመናል።

ሁለተኛው ስጋት ሚስጥር ነው፣ ይህንንም በቀላሉ አላየውም። ቴሌግራም ላይ አንዴ የወጣ ቪዲዮ አይመለስም፤ የታመመች መሆኗ በመታወቁ ሥራ የምታጣ ሴት ልትኖር ትችላለች። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሻው ዳታ ይመድበዋል። ፊት ሳይታይ እጅና ድምፅ ብቻ መቅረጽ ይቻላል። ፈቃድም በአንድ ፊርማ አያልቅም፦ አንዴ ለመቅረጽ፣ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ አይቶ ለማጽደቅ፣ አንዴ ደግሞ ከተመራማሪዎቹ ውጭ ለማን እንደሚታይ ለመወሰን መጠየቅ አለበት። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ቪዲዮው ይጥፋልኝ ሲል ይጠፋለታል።

የሚቀረው ክፍያ ነው። ቅጽ እያስሞላ ቤት ለቤት ለሚዞር ወጣት የጥናት በጀት አበል ይይዛል። እያመማት ለሳምንታት ኑሮዋን የቀረጸች ሴትም መረጃ ሰብስባለች፤ በምስጋና የምትሸኝበት ምክንያት አይታየኝም። አበሏ፣ የስልኳ ካርድ፣ ለጥናቱ ስብሰባ የምትመጣበት የባጃጅ ሒሳብ ከመጀመሪያው የበጀት ረቂቅ ላይ ይጻፍ። ጥናቱ መድኃኒት ይዞ የማይመጣ ከሆነም ቀረጻው ሳይጀመር በቋንቋዋ በግልጽ ይነገራት፤ ከዚያ በኋላ ገብታ ብትሠራ ወይም ብትተወው ውሳኔው የእሷ ነው።