ፊልሙን አይቼዋለሁ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በማኅበራችን አባላት ዘንድ አንድ ልማድ እየተስፋፋ መጥቷል። ይኸውም «የዓለም 100 ታላላቅ ፊልሞች» የተሰኘ ዝርዝር ከውጭ መጽሔት ተገልብጦ በየመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ እያንዳንዱም ሰው ባየው ፊልም ፊት ራይት እያደረገ ቍጥሩን ከጓደኛው ጋር ያስተያያል። አንዱ 64 ሲል ሌላው 71 ይላል። ገና ከአገር ቤት የመጣው አዲስ ተማሪ ደግሞ 5 ወይም 6 ላይ ቆሞ አንገቱን ይደፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም። ያዩትንና ያላዩትን ለይቶ መያዝ እጅግ ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ዝርዝሩ እንዴት እንደሚወጣ፣ ራይቱም ምን እንደሚመሰክር ሳናውቅ ብንቈጥር የምንቈጥረው ምን እንደሆነ እንኳ አናውቅም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ዝርዝሮች ሁሉ የታወቀው የብሪታንያ የፊልም ተቋም የሚያሳትመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ የሚያወጣው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የፊልም ሐያስያን ይጠየቃሉ፤ እያንዳንዳቸው 10 ፊልሞችን ይመርጣሉ፤ አንድ ፊልም በተጠራ ቍጥር አንድ ድምፅ ያገኛል፤ ድምፁ ተደምሮ ደረጃ ይወጣል። በ1952 አንደኛ የወጣው የጣሊያኑ የቪቶርዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ፊልሙ የተሠራው በ1948 ነውና ያን ጊዜ ገና የ4 ዓመት ሕፃን ነበር። በዚያው ዓመት ከ10ሮቹ ውስጥ እንኳ ያልገባው የኦርሰን ዌልስ «ሲትዝን ኬን» (1941) ከ1962 እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች ሁሉ አንደኝነቱን ይዞ ቆየ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» (1958) ተካው፤ በ2022 ደግሞ የቤልጂጓ ሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» (1975) ቀደመ። በሴት አዘጋጅ የተሠራ ፊልም አንደኛ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልብ ይባልልኝ። በ2012 ድምፅ የሰጡት ሐያስያን 846 ነበሩ። «ቨርቲጎ» ያገኘው 191 ድምፅ ነው። እንግዲህ ከአራቱ ሐያስያን ሦስቱ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጡት፣ «የዓለም አንደኛ» የተባለውን ፊልም ከ10 ምርጫቸው ውስጥ አላስገቡትም ማለት ነው። በተጨማሪም ማንም ሰው ላላየው ፊልም ድምፅ አይሰጥም። በለንደንና በፓሪስ ሲኒማ ቤቶች ሲመላለስ የኖረ ፊልም ብዙ መራጮች ያውቁታል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለውንና እሱም በሣጥን የተቈለፈበትን ፊልም ግን ማን ይምረጠው? በ2022 የተጠያቂዎቹ ቍጥር ወደ 1,639 ከፍ ሲል በ2012 ከ100ዎቹ ውጪ የነበረው የሴኔጋሉ የኡስማን ሴምቤን ፊልም ገባ። ፊልሙ የተሠራው በ1966 ነው። በእነዚያ 10 ዓመታት ውስጥ ፊልሙ አንድም ነገር አልተለወጠም፤ የተለወጡት የተጠየቁት ሰዎች ናቸው። ወደዚህ ፊልም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሆስፒታል መዝገብ የሚይዘው ሆስፒታል የደረሰውን በሽተኛ ነው፤ በመንገድ የቀረውን አያውቀውም። የፊልም ዝርዝርም እንዲሁ የተረፉት መዝገብ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ ከወጡት 10,919 ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የሚገኙት 14 ከመቶ ብቻ ናቸው። የጥንቱ ፊልም የተሠራበት ናይትሬት በቀላሉ ይቃጠላል፤ ባይቃጠልም በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ሀብታሟ አሜሪካ ይህን ያህል ካጠፋች የሌሎቻችንን መገመት አያዳግትም።

የተረፈውም ቢሆን ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» በ1927 በርሊን ላይ ከታየ በኋላ ብዙም ሳይቈይ ተቈራረጠ። በ2008 በቦነስ አይረስ ሙሉ ለመሆን ጥቂት የቀረው አንድ ቅጂ ተገኘ፤ በ2010 ለሕዝብ ሲቀርብም 25 ደቂቃ ያህል ተጨምሮበት ነበር። ስለዚህ ፊልሙን በ1990ዎቹ ያየ ሰውና ዛሬ የሚያይ ሰው በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ፊልሞችን ነው ያዩት። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የዴንማርኩ የካርል ድራየር ስለ ዣን ዳርክ የፍርድ ሂደት በ1928 የሠራው ፊልም ነው። ዋናው ኔጋቲቭ በእሳት ጠፋ። ለ50 ዓመታት ያህል ዓለም ሲያደንቀው የኖረው የተጐዱና የተቀጣጠሉ ቅጂዎችን ነበር። በ1981 ግን ያልተነካ ቅጂ ተገኘ። የት ቢሉ፣ ኖርዌይ ውስጥ ኦስሎ አጠገብ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ! (የሕክምና ተማሪዎች የሆስፒታል ዕቃ ቤቶችን በአክብሮት እንድናይ ምክንያት ይሆነናል።)

ሌላም የማየት ዓይነት አለ፤ ሳያዩ ማየት። የአይዘንሽታይንን «ጦር መርከብ ፖተምኪን» (1925) አይቼዋለሁ ከሚለው ሰው ብዙው ያየው በኦዴሳ ደረጃ ላይ ያለውን ጭፍጨፋ ብቻ ነው፤ ያ ክፍል በየትምህርቱና በየዘጋቢ ፊልሙ ተቈርጦ ስለሚታይ። ከ«ካዛብላንካ» (1942) ሰዎች ሁሉ የሚጠቅሱት፣ ፒያኖ ተጫዋቹን ዘፈኑን ድገመው የሚል ንግግር አለ፤ በዚያ አኳኋን ግን በፊልሙ ውስጥ ጭራሽ አልተነገረም። ሰው የሰማውን ካየው ጋር ያደባልቃል። በሽተኛ ስለ ሕመሙ ታሪክ ሲጠየቅም እንዲሁ ያደርጋል፤ አውቆ የሚዋሽ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሴምቤን ፊልም ልመለስ። የፈረንሳይኛ ስሙ «ላ ኑዋር ደ…» ይባላል፤ «የ… ጥቍር ሴት» እንደ ማለት ነው። የማን እንደሆነች ስሙ ሳይጨርስ ያቆማል። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዲዋና የተባለች የዳካር ወጣት፣ ሥራ ፈላጊ ሴቶች ተሰብስበው ከሚቀመጡበት የመንገድ ዳር በአንዲት ፈረንሳዊት ተመርጣ ትቀጠራለች። ሥራዋ ልጆች መጠበቅ ነበር። አሠሪዎቿ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ጠረፍ፣ ወደ አንቲብ ይወስዷታል። እዚያ ግን የምታየው ፈረንሳይ ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱና መኝታ ክፍሉ ነው። ታበስላለች፣ ትጠርጋለች፣ ታጥባለች። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ከእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላት ጌታዋ ነው፤ መልሱንም እሷ ሳትናገር እሱ ራሱ መጻፍ ይጀምራል። በአፏ ብዙ አትናገርም፤ የምንሰማው የልቧን ንግግር ነው። በመጨረሻ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሕይወቷን በገዛ እጇ ታጠፋለች። ጌታዋ ሻንጣዋንና ደመወዟን ይዞ ዳካር ይሄዳል፤ እናቷ ገንዘቡን አትቀበልም። ሴምቤን ታሪኩን የወሰደው በ1958 በአንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ላይ ከወጣ አጭር ዜና ነው።

ይህን ፊልም ለንደን ያለ ሐያሲ በአንድ ዓይን ያየዋል። መካከለኛው ምሥራቅ ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን እንዴት ብሎ ነው ከ100ዎቹ እንደ አንዱ ራይት አድርጎ የሚያልፈው? በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም በመስጊድ የምናገኛቸው፣ ቀሪውን ጊዜ ግን በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መስኮት ብቻ የምናያቸው እህቶቻችን ጉዳይ ነው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ያለች፣ የስልክ ካርድ እስኪገዛላት ድረስ ከእናቷ ጋር የማትነጋገር ልጅ፣ ዲዋና ማን እንደሆነች እኛ ልንነግራት አያስፈልግም። በ2020 ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስ ስትመታ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ፊልሙ በዚያን ጊዜ 54 ዓመቱ ነበር። በመጽሔቱ ዝርዝር ላይ ወደ መጨረሻው ነው ያለው፤ በእኛ መዝገብ አንደኛ መሆን ይገባዋል የምለው ከሌሎቹ ይበልጣል ብዬ አይደለም፤ እኛን በቅርብ ስለሚመለከት ነው።

ይህን ካልሁ ዘንድ ከ100ዎቹ ውስጥ የሌሉ፣ የእኛ መዝገብ ግን ሊዘላቸው የማይገባ ጥቂት ፊልሞችን ልጥቀስ። የግብፁ የዩሱፍ ሻሂን «ባብ አል-ሐዲድ» (1958) በካይሮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የሚፈጸም ነው፤ አንካሳውን ጋዜጣ አዟሪ ሆኖ የሚጫወተው ራሱ ሻሂን ነው። በወጣ ጊዜ ሕዝቡ አልወደደውም ነበር። የሻዲ ዐብደል ሰላም «አል-ሙምያ» (1969) ደግሞ በ1881 የፈርዖኖች አስከሬን ከተገኘበት ታሪክ የተነሣ ነው፤ ተዋንያኑ የሚናገሩት በጥንቃቄ በተመረጠ የጽሑፍ ዐረብኛ ስለሆነ፣ ቋንቋውን ከመማሪያ መጽሐፍ ለተማርን ሰዎች ከየትኛውም የግብፅ ፊልም ይልቅ ይቀለናል።

ከአገራችን የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) አለ። ኃይሌ በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ በነበረበት ዘመን፣ ወደ አገሩ ተመልሶ በ16 ሚሊሜትር ጥቍርና ነጭ ፊልም የቀረጸው የባላገርና የባለርስት ታሪክ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ እንደ ገበሬው ቀን ቀስ እያለ ስለሚሄድ እንቅልፍ የተጫነው ሰው ባይጀምረው ይሻላል። በ2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመው «ጤዛ» ደግሞ ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ አንበርብር የተባለ ሰው ታሪክ ነው። በጀርመን ያሉት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አገር ስለ መግባት ሲከራከሩ ያለውን ክፍል ያየ ሰው የእኛን ስብሰባ የቀረጸው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ መዝገቡ እንዴት ይያዝ? ዛሬ በስልክ ላይ ቍጥሩን ራሱ የሚደምር መመዝገቢያ አለ፤ የሚጠቀም ይጠቀም። እኔ በበኩሌ ተራ ደብተር እመርጣለሁ። ለእያንዳንዱ ፊልም የታየበት ቀን፣ የቅጂው ርዝመት በደቂቃ፣ የግርጌ ጽሑፉ ቋንቋ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታየቱ፣ ካልታየም የት ላይ እንደተቋረጠ ይጻፋል። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ምን እንደቀረን። ያላየነውንም በሦስት መክፈል ያሻል፤ ገና ያልደረስንበት፣ ፈልገን ያላገኘነው፣ ማየት የማንፈልገው። ሦስተኛው አያሳፍርም። «ዣን ዲልማን» 201 ደቂቃ ነው፤ በፈተና ሰሞን ድንች ስትልጥ የምትታይ ሴትን ይህን ያህል አልመለከትም የሚል ሰው መብቱ ነው፤ ምክንያቱን ግን ይጻፍ።

ጊዜ የለንም የሚለው ሰበብ አያዋጣም። በሳምንት አንድ ፊልም፣ ሐሙስ ማታ፣ ማግስቱ ዕረፍት ነውና፣ 100 ፊልሞች በሁለት ዓመት አካባቢ ያልቃሉ። የሕክምና ትምህርት ከዚያ ብዙ ይረዝማል።

የማኅበሩ የጋራ ደብተር በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በ«ፈልገን ያላገኘነው» ሥር በመጀመሪያው መስመር የተጻፈው በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራውና ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። ከአባላት መካከል ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ፊልሙን በሲኒማ ቤት ያዩ ቢኖሩ፣ በሚቀጥለው ደብዳቤ ወይም ስልክ የትኛው ሲኒማ ቤት እንዳዩትና ምን እንደሚያስታውሱ ጠይቆ በደብተሩ ላይ እንዲያሰፍርልን እንለምናለን።