የወንዝ ሙላትና የውኃ ከፍታ

ወንዝ የሚሞላው በአካባቢው በዘነበው ዝናም ብቻ አይደለም። በሩቅ ተራራ ላይ የወረደ ዝናም፣ የሜዳው ሰማይ ጠርቶ ሳለ፣ የገበሬውን ማሳ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ዝናሙን ሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚያፈስሰው ምድር ሁሉ የዚያ ወንዝ ተፋሰስ ይባላል።

ለምሳሌ ርብንና ጉማራን እንመልከት። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የተራራው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ሲበልጥ፣ የሐይቁ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከቁልቁለቱ እየጋለበ የወረደው ውኃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ተሸክሞት የመጣውንም ደለል በዚያው ይጥላል። ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ ስለሚያደርገው፣ ወንዙ የቀድሞውን ያህል ውኃ መያዝ ይሳነዋል። በክረምቱ ማብቂያ ሐይቁ ራሱ ሲሞላ ደግሞ ወንዞቹ እንደ ልብ አይገቡበትም፤ ውኃው በሜዳው ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ የፎገራ ነዋሪዎች በጎርፍ ከቤታቸው ተፈናቅለዋል።

ይሁን እንጂ ሙላት ጥፋት ብቻ አያመጣም። ደለሉ ማሳን ያዳብራል፤ ውኃ የሚተኛበት የፎገራ መሬትም ዛሬ በሩዝ ምርቱ የታወቀ ነው።

ሙላትን ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም፣ መምጣቱን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በወንዝ ዳር በሜትርና በሴንቲሜትር የተከፋፈለ መለኪያ ይተከልና የውኃው ከፍታ በየዕለቱ ይመዘገባል። በላይኛው ተፋሰስ ከፍታው በድንገት ሲጨምር፣ ወሬው ከውኃው ቀድሞ ለታችኛው ነዋሪ መድረስ አለበት። ከብቱን ወደ ጉብታ ለማውጣትና ሕፃናትን ለማሸሽ ጥቂት ሰዓታት እንኳ ብዙ ናቸው።