ደጁን የዘጋው ሐኪሙ ነውን?



የኮሮና ወረርሽኝ ካለፈ ወዲህ ብዙ ነገር ተረስቷል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው ከኪስ ወጥቷል፤ በየደጁ ተቀምጦ የነበረው የእጅ መታጠቢያ በርሜልም ውኃው ደርቆ የአበባ መትከያ ሆኗል። ያልተረሳ አንድ ቃል ግን አለ፤ እርሱም «በዚያ ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደን ከደጅ መለሱን» የሚለው ነው። ይህን ቃል በታክሲ ውስጥ፥ በለቅሶ ቤት፥ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሳይቀር እሰማዋለሁ። ወሬው ሲጀመርም ብዙ ጊዜ የሚጨረሰው በስድብ ነው። ሐኪም ሁሉ ገንዘብ ወዳድ፥ ነርስ ሁሉ ቍጡ፥ ካርድ አውጪ ሁሉ ትዕቢተኛ ተደርጎ ይቈጠራል። በበኩሌ የሕዝቡ ቅሬታ እውነት መሆኑን አምናለሁ፤ ስድቡ ግን ያለ ቦታው የወደቀ ይመስለኛልና የሚሰማኝን በዚህ ዓምድ ላቀርብ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው በሽታው በአገራችን መግባቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ሕሙማን ተለየ፤ ቆይቶም የሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተነጥፎበት ማከሚያ ሆነ። ይህ ሁሉ መደረጉ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ወረርሽኝ መጣ ብሎ ሌላው በሽታ ዕረፍት አይወጣም። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ አይቆምለትም፤ ምጥ የያዛት ሴትም ዐዋጁ እስኪነሣ አትጠብቅም።

በሰፈሬ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ስላለባቸው በየወሩ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ይለካሉ፥ መድኃኒታቸውንም ይወስዳሉ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር በቀጠሯቸው ቀን ሲሄዱ ዘበኛው የሙቀት መለኪያውን በግንባራቸው አነጣጠረ። ሙቀታቸው ደኅና ነበረ፤ ነገር ግን እዚያው እንደ ቆሙ ሳሉ። ሳላቸው የጭስ ሳል ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንጀራ እየጋገሩ የኖሩ ናቸው። «እማማ፥ ሳል ያለበት አይገባም፤ ቤትዎ ይሁኑና በዚህ ቍጥር ያስደውሉ» ተባሉ። የልጅ ልጃቸው ቢደውል ስልኩ ተይዟል፤ ደግሞ ቢደውል ተይዟል። በሦስተኛው ቀን ያነሣው ሰው ስለ ትኩሳትና ከውጭ አገር ስለ መጣ እንግዳ ጠየቀ፤ ሁለቱም የለም ቢባል «እንግዲያውስ ደኅና ናቸው» ብሎ ዘጋው። እርሳቸውም ደኅና ነሽ ተብያለሁ ብለው ተቀመጡ። መድኃኒቱ አለቀ። በሐምሌ አንድ ጧት ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሉ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አሏቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን ያ ሊጥ የሚያፈሱበት እጅ ታጥፎ ቀርቷል።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማነው? ዘበኛው ሳል ያለበትን አታስገባ ተብሎ ታዝዟል፤ የጭስን ሳል ከኮሮና ሳል ለይ ያለውም፥ ያስተማረውም የለም። ስልኩን ያነሣው ሰው በፊቱ የተቀመጠለትን ጥያቄ ጠይቋል። ሐኪሙማ ሴትዮዋ ከደጅ መመለሳቸውን እንኳ አልሰማም። እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ለስድስት ዓመት ከተመላለሱበት ቤት አንድ ወር ሲቀሩ፥ ሁለት ወር ሲቀሩ፥ ሦስት ወር ሲቀሩ «እትዬ እገሊት ወዴት ቀሩ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልተገኘም። በየወሩ የሚያዩአቸው ሐኪሞች የተለያዩ ስለ ነበሩ እርሳቸውን በሚገባ የሚያውቃቸው ካርዱ ብቻ ነበር፤ ካርድ ደግሞ ባለቤቱ መጥቶ ካላስወጣው ከመደርደሪያው አይነሣም።

ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ደጅ የዘጋው ሐኪም ቤት ብቻ አልነበረም፤ እኛም ዘግተናል። በዚያው በሚያዝያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በከተማችን ቤት ለቤት እየዞሩ ሙቀት ሲለኩ፥ በእኛ መንደር በሩን ሳይከፍት በመስኮት «ሁላችንም ደኅና ነን፥ እለፉ» እያለ የመለሳቸው ስንቱ ነው! አንድ አከራይ ነርስ የሆነችውን ተከራዩን «በሽታ ታመጭብናለሽ» ብሎ በሳምንት ጊዜ ውስጥ አስወጥቷታል። ማታ በቴሌቪዥን የጤና ባለሙያ ሲመሰገን አሜን የሚለው ሰው፥ ጧት ያችን ልጅ በመንገድ ሲያገኛት ወዲያ ማዶ ይሻገር ነበር።

ወደ እኚሁ እናት ቤት የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ለክታ፥ ወረቀቷን ሞልታ ሄደች። ወረቀቱ ስለ ስኳርና ስለ ግፊት የሚጠይቅ መሥመር አልነበረውም። በሐምሌ የሆነውን በሰማች ጊዜ ግን፥ ማንም ሳያዝዛት፥ ቅዳሜ ቅዳሜ የግፊት መለኪያዋን በቦርሳ ይዛ መምጣት ጀመረች። መድኃኒታቸውንም ከጤና ጣቢያው እየተቀበለች ታመጣላቸው ነበር። ያላት የጨርቅ መሸፈኛ አንድ ስለ ሆነ ማታ አጥባ ጧት የምትለብስ ልጅ ናት። እኚህ እናት እስከ ዛሬ «ሐኪሜ» ብለው የሚጠሩት እርሷን ነው። ሐኪም አይደለችም ቢባሉ አይሰሙም፤ እኔም መከራከሩን ትቼዋለሁ።

ይህችን «ሐኪሜ» የምትል ቃል ስሰማ የእንግሊዞች ነገር ይታወሰኛል። ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ በዚያ ዘመን በስልክ ታጫውተኝ ስለ ነበር ጉዳዩን በጋዜጦቻቸው እየተከታተልሁ አነበው ነበር። በዚያ አገር ከሰኔ 28 ቀን 1940 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ሕክምናን ከግብር በሚገኝ ገንዘብ ለሕዝቡ ሁሉ ካቋቋመ ወዲህ፥ ሰው በሰፈሩ ባለ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ተመዝግቦ ይኖራል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፥ የጀርባ ሕመምም ቢሆን የጡት እብጠትም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው፤ ወደ ሆስፒታልም የሚልከው ይኸው ሐኪም ነው። በመጋቢት 2012 ወረርሽኙ ሲበረታ እነዚህ ሐኪሞች ሕመምተኛውን አስቀድመው በስልክ እንዲያነጋግሩ፥ የግድ የሆነበትን ብቻ ጠርተው እንዲያዩ ታዘዙ። ከዚያ በፊት ከ100 ቀጠሮ 80 ያህሉ ፊት ለፊት የሚደረግ ነበረ፤ በሚያዝያ 2012 ከግማሽ በታች ወረደ። ሕዝቡ መጀመሪያ ታገሠ። ክትባቱ ተሰጥቶ መጠጥ ቤቱና የኳስ ሜዳው ከተከፈተ በኋላ ግን፥ በነሐሴ 2013 ፊት ለፊት የሚታየው ገና 58 ያህል ብቻ መሆኑን ሲያይ «ኳስ ሜዳ ተከፍቶ የሐኪሜ ደጅ ስለ ምን ይዘጋል?» ብሎ ተቈጣ። ጋዜጦችም ቍጣውን አራገቡት። በመስከረም 2014 በማንችስተር ከተማ በአንድ የቤተሰብ ሐኪም ቤት ሠራተኞች እስከ መደብደብ ደረሱ።

ሐኪሞቹም መልስ ነበራቸው። ከክትባቱ ብዙውን እጅ የሰጡት በእነርሱ የሚመሩት ጣቢያዎች ናቸው፤ በስልክ ማከምም ሥራ ነው፤ የሐኪሙም ቍጥር እንደ ሕመምተኛው አላደገም። መንግሥታቸው ጥቅምት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. 250 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ሕዝቡ ፊት ለፊት እንዲታይ የሚያጠብቅ ዕቅድ ቢያወጣ፥ የማኅበራቸው የቤተሰብ ሐኪሞች ኮሚቴ በዚያው ወር አንቀበልም አለ። የአክስቴ ልጅ ራሷ ከጧቱ በሁለት ሰዓት ስልክ ይዛ ተራ ስትጠብቅ አርፍዳ «የዛሬው ቀጠሮ አልቋል» እየተባለች በእጅጉ ትማረር ነበር። አንድ ቀን ማታ ግን ሐኪሟ ራሷ ደውላ አስም ያለበትን ልጇን በስሙ ጠርታ «እንዴት ያድራል?» ብትላት፥ ያ ሁሉ ንዴት እንደ ጉም ተነነ አለችኝ። በማግሥቱ ደግሞ ስልኩ አልነሣ ሲላት ተመልሶ መጣ፤ ሰው ነንና።

የዚያ አገር ሰው ሲቈጣ «ሐኪሜን አጣሁ» ይላል። እኛ ስንቈጣ «ሐኪሞች» እንላለን። የእርሱ ቍጣ አድራሻ አለው፤ የሚደውልበት ቤት፥ የሚያውቀው ሰው አለ። የእኛ ቍጣ አድራሻ ስለሌለው በመጀመሪያ በተገኘው ላይ፥ ይልቁንም በዘበኛውና በካርድ ክፍሏ ልጅ ላይ ይወርዳል።

የዚህ ምክንያቱ የሐኪም ማነስ ነው የሚሉ አሉ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ ይህ መልስ ሙሉ ነበር። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ፥ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በታመሙበት ወረርሽኝ ድኻው ወደ ማን ይሄድ ነበር? ዛሬም ሐኪም አልበዛልንም፤ ነገር ግን መልሱ ሙሉ አይደለም። ለዚህም ምስክር የሚሆነው በዚያው በ2012 የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖቻችን ሁኔታ ነው። ከእነርሱ ሕመማቸው የረጋላቸው ወረርሽኙ ከመምጣቱ አስቀድሞ በተዘረጋ አሠራር የሦስት ወር፥ አንዳንዶቹም የስድስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ ይሰጣቸው ነበር። ስማቸውና ስልካቸው በመዝገብ ተይዟል፤ የቀረ ሰው ካለ ደግሞ ደውሎ የሚፈልገው ሠራተኛ አለ። የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ በዚያው ግቢ እየገባ ይህን ያላገኘው ስለ ምንድን ነው? ለዚያኛው ሥራ የውጭ ርዳታ ብዙ ገንዘብ እንደ ዋለበት አልዘነጋሁም። ደብተርና የስልክ ጥሪ ግን ያን ያህል ርዳታ አይጠይቁም።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለአራት መቶ ተማሪ አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። የማን ዓይን ማዝ እንደ ያዘው፥ ማን የኮሶ መድኃኒት እንደ ተሰጠው በደብተሯ ጽፋ ትይዝ ስለ ነበር፥ በቀጠረችው ቀን ያልመጣውን ተማሪ ክፍል ድረስ መጥታ በስሙ ትጠራው ነበር። የአልጀብራ መምህራችን በሌላ ነገር የማይታገሡ ሰው ሲሆኑ እርሷን ግን አንድ ቀን ከልክለዋት አያውቁም።

በአገራችንም ጅምሩ የለም ማለት አይቻልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምናን እንደ ልዩ ሙያ ማስተማር የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ከ30,000 የሚበልጡ ሴቶች ሠልጥነውበታል። በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎችም ሐኪሙ፥ ነርሷና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ላይ ሆነው የተወሰኑ ቤቶችን የሚይዙበት የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል አሠራር መጥቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አንባቢ እባክዎ ጎረቤትዎን ይጠይቁ፤ የእርስዎን ቤት የያዘው ቡድን የትኛው ነው? ሐኪሙስ ማን ይባላል? እኔ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ጥያቄ ለዐሥራ አንድ ሰው አቅርቤ የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ሚስቱ ነርስ ስለ ሆነች ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ሌላ ወረርሽኝ ዳግመኛ ሲመጣ ደጁ ላይ ዘበኛና የሙቀት መለኪያ መቆማቸው አይቀርም፤ መቆማቸውም ክፉ አይደለም። ስለዚህ የጤና ጣቢያዎቻችንን ኃላፊዎች የምለምናቸው ከአሁኑ ሊሠራ የሚችል ትንሽ ነገር ነው። በየሳምንቱ ዐርብ ከቀጠሮ የቀሩት የግፊትና የስኳር ሕመምተኞች ስም ተለይቶ ይውጣና ሰፈሩን ለምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሰጣት። ቅዳሜ መሥራቷም በልጅቱ ደግነት ብቻ የሚቀር ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈልበት ይሁን። ደግሞም ሕመምተኛው የሚይዛት የቀጠሮ ካርድ ስትታተም ከስሙ በታች ለሐኪሙ ስም አንድ መሥመር፥ ለሚደወልበት ስልክ ሌላ መሥመር ይጨመርባት። ካርዷ እንደ ሆነ ስታልቅ እንደገና መታተሟ አይቀርም።

አንድ መምህር፥ ከአዲስ አበባ