ለቀብር እድር አለ፤ ለመጦርስ ምን ተዘጋጅቷል?

«ጧሪ ቀባሪ» የሚለው አነጋገር ልጅ ለወላጁ ያለበትን ሁለት ኃላፊነት በአንድነት ይገልጻል። ከሁለቱ ቀብሩ በእድር በኩል የተደራጀ ነው፤ የአባላት መዝገብ፣ መዋጮና የሥራ ተራ አለው። ለዓመታት የሚዘልቀው መጦር ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ምክክር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

በጌዴኦ ዞን ጉዳዩ የራሱ ገጽታ አለው። ዞኑ ሕዝብ በብዛት ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ሲሆን የአርሶ አደሩ ይዞታም ጠባብ ነው። በመሆኑም ከልጆች ከፊሎቹ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ዲላ፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ወላጆች ከእንሰቱና ከቡናው ጋር ይቀራሉ። በቡና ለቀማ ወቅት አቅመ ደካማ እናት ወይም አባት ብቻቸውን ሊውሉ ይችላሉ። ጉልበት የሚጠይቀው የእንሰት ፋቅ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው፤ የአረጋውያን እንክብካቤም የሚደረበው በእነዚሁ ሴቶች ላይ ነው።

ኃላፊነትን መከፋፈል

ልጆች ወላጆቻቸው ባሉበት ተሰብስበው ሦስት ጥያቄዎችን ቢመልሱ ሸክሙ ይቀላል። የዕለት እንክብካቤውን ማን ይይዛል? ገንዘብ ማን፣ ምን ያህል፣ መቼ ይልካል? ወደ ጤና ተቋም ማን ይወስዳል? ከከተማ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ቤት ያለውን ሰው ድካም እንደ መዋጮ ሊቆጥርለት ይገባል፤ በዓመት የተወሰኑ ቀናት መጥቶ ቢተካው ደግሞ የበለጠ ነው።

አለመግባባት ቢፈጠር በጌዴኦ ባህል ሽማግሌዎች የሚመክሩበት የሶንጎ ሥርዓት አለ። መሬትን በስጦታ ማስተላለፍ ከታሰበም ወላጆች የሚተዳደሩበት ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ፣ ጉዳዩ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ቢፈጸም ከኋላ ጠብ ያድናል።

ምግብና ጤና

ቆጮና ቡላ ኃይል ሰጪ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከባቄላ፣ ከቦሎቄ፣ ከወተት ወይም ከእንቁላል ጋር መቅረብ አለባቸው። ጥርስ ለሌላቸው ምግቡን አልሞ ማዘጋጀት፣ ባይጠማቸውም ውኃ ማስታወስ ይጠቅማል።

«እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ብዙ ነገር ሕክምና አለው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ተሻለኝ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። አፍ ድንገት ከተጣመመ፣ አንድ ወገን ከሰነፈ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ድንገተኛ የአእምሮ መደናገርም የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። መውደቅን ለመከላከል ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን መንገድ ከጭቃ መጠበቅ፣ በሌሊት መብራት ማዘጋጀትና ምርኩዝ ማቅረብ ይገባል።

ሕግና ድጋፍ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ያስቀምጣል። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናንም ይጨምራል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው በዞኑ የሚሠራበትን ዝርዝር ከወረዳው ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ አብረውት የሚኖሩት ወላጆች በመታወቂያው ላይ መመዝገባቸውን ከቀበሌው ማረጋገጥ፣ እድሳቱንም በጊዜው መፈጸም አለበት። መክፈል ለማይችሉ ወገኖች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። በሴፍቲኔት በታቀፉ ወረዳዎች የሚሠራ ጉልበት የሌላቸው ቤተሰቦች ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። በጡረታ ዐቅድ የተሸፈነ ልጃቸው የሞተባቸውና በእርሱ ይረዱ የነበሩ ወላጆችም የተተኪ አበል ሊጠይቁ ይችላሉ።

እድር መዋጮውን የሚሰበስበው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም። ልጆች ለዳራሮ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ሲሰባሰቡ ወላጆቻቸው ገና ብርቱ ሳሉ ቢመክሩ፣ የተስማሙበትንም በወረቀት ቢያሰፍሩ መጦርም እንደ ቀብሩ ሁሉ የጋራ ኃላፊነት ይሆናል።