በቤት ማሞቂያ ጋዝ ስለ መጠንቀቅ

በአሜሪካ አገር ብርዱ ብርቱ ስለሆነ አያሌ ቤቶች፥ ከነዚያም መካከል የወገኖቻችን ቤቶች፥ በጋዝ ይሞቃሉ። ቧንቧ በተዘረጋበት ከተማ የተፈጥሮ ጋዝ፥ ቧንቧ በማይደርስበት ስፍራ በብረት ሲሊንደር የሚቀመጥ ፕሮፔን ይነድዳል። ሰው ሁሉ ዋጋቸውን ያመዛዝናል፤ ጠባያቸውን መለየት ግን ይበልጣል።

የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀል፥ ባፈተለከ ጊዜ ወደ ጣራ ይወጣል። ፕሮፔን ግን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ በዝቅተኛ ስፍራ ይጠራቀማል። ስለዚህ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ለፊተኛው ከጣራ ሥር፥ ለኋለኛው ከወለል አጠገብ ይደረጋል።

ሁለቱም በተፈጥሯቸው ሽታ የላቸውም። መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በቴክሳስ፥ በኒው ለንደን ትምህርት ቤት ወለል ሥር ታፍኖ የተጠራቀመ የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙትም ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጋዙን የሚያሸት ቅመም እንዲጨመርበት በሕግ ተደነገገ። እንግዲህ ሽታው በተሰማ ጊዜ ክብሪት ሳይጭሩ፥ የመብራት ማብሪያም ሳይነኩ፥ ቤተ ሰቡን ይዞ ወዲያው መውጣት ይገባል።

ሽታ የማይገልጠው መርዝም አለ። ማናቸውም ነዳጅ አየር አጥሮት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በአገራችንም በሩን ዘግቶ በከሰል ማንደጃ አጠገብ የተኛውን ሰው የሚገድለው ይኸው ነው። ስለሆነም የትኛውም ነዳጅ ቢመረጥ፥ የጭስ መውጫው በየዓመቱ ይመርመር፤ ቤቱም ንጹሕ አየር አይጣ።